የእቴቴ 37 ጠርሙስ፦ ኩባያና ኪሎ ያልተግባቡበት ማርማላታ

እቴቴ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የእንጆሪና የብርቱካን ማርማላታ እየሠሩ መጀመሪያ ለዘመድ ያድሉ ነበር፤ በኋላ ለጎረቤት መሸጥ ጀመሩ። ባለፈው ዓመት በማንጎ ወቅት ግን ነገሩ ከበድ አለ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለቁርስ ጠረጴዛው የሚሆን 24 ጠርሙስ የማንጎ ማርማላታ አዘዛቸው። ማንጎ ሠርተው አያውቁም፤ እምቢ ማለትም አልፈለጉም።

አሠራሩን የላከችላቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጃቸው ናት። የቴሌግራም መልእክቷን አይቼዋለሁ፤ ሦስት መስመር ነው። 4 ኩባያ የተቆራረጠ ማንጎ፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ። ከሥሩ «እስኪወፍር ታማስዪዋለሽ፤ ሁለት ጠርሙስ ተኩል ገደማ ይወጣዋል» ይላል። ጠርሙሱ እቴቴ ቤት ያለው ዓይነት ነው፤ ሲሞላ 310 ግራም ያህል ይይዛል።

እቴቴ በ10 አበዙት። 40 ኩባያ ማንጎ፣ 20 ኩባያ ስኳር፣ ሁለት ኩባያ ተኩል የሎሚ ጭማቂ። እስከዚህ ምንም ስህተት የለም። ችግሩ የመጣው ወደ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ነው። ማንጎ የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ነጋዴውን «40 ኩባያ ስጠኝ» አይሉትም። ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ «አንድ ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር» የሚል አገኙ። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ ቀላል መሰለ፦ አራት ኩባያ አንድ ሊትር፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ። ማንጎው 10 ኪሎ፣ ስኳሩ 5 ኪሎ። ሎሚውን ብቻ እየጨመቁ ልጃቸው በሻንጣ በላከችላቸው የፕላስቲክ መስፈሪያ ሰፈሩት።

ከልጣጩና ከፍሬው የጸዳ 10 ኪሎ ለማግኘት 18 ኪሎ ማንጎ ገዙ። ትንንሹና ቃጫማው ማንጎ ነበር። ሲላጥና ከፍሬው ሲለይ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በሁለት ትልልቅ ድስት አማስለው፣ ጠርሙሱን ቀቅለው፣ ትኩሱን ሞሉ። ሲቆጥሩት 37 ሆነ።

«በረከት ነው» አሉኝ በስልክ። እኔም «እሰይ» አልኩ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የእንግዳ ማረፊያው ሰው ደወለ። ማርማላታው ዳቦ ላይ አይቆምም፣ ይፈሳል፤ ከተከፈቱት ሁለቱ ደግሞ ላያቸው ሻግቷል። ያልተከፈቱትን እንዲወስዱ ነገራቸው። በትሕትና ነው የነገራቸው፤ እቴቴን ያሳመማቸውም እሱ ነው።

የተማርኩት የምግብ ማቀነባበር ስለሆነ ቤተሰቡ ውስጥ የሻገተ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤት ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠርሙሱን ነበር። ደህና ተቀቅሏል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ ጠርሙስ ሳልቀቅል ማርማላታ ሞልቼ አላውቅም» አሉ። ክዳኖቹን አየሁ፤ ጥብቅ ብለው ነው የተዘጉት። የማንጎውን ዓይነት ጠየቅሁ፣ ድስቱን አየሁ። ቆይቶ ነው ያ ቁጥር የመጣልኝ። ልጅቷ ሁለት ጠርሙስ ተኩል ካለች በ10 ሲበዛ 25 ነው። ታዲያ 37 ከየት መጣ? ከድስት ውስጥ ያልገባ ነገር አይወጣም። ወይ ከሚገባው በላይ ፍራፍሬ ገብቷል፣ ወይ መትነን የነበረበት ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጓል። ሁለቱም ሆነው ተገኙ።

«እስቲ መስፈሪያውን ያምጡልኝ» አልኳቸው።

መስፈሪያውን ሚዛን ላይ አድርጌ ዜሮ ካልኩ በኋላ እስከ አፉ ውኃ ሞላሁት፦ 236 ግራም። የአሜሪካ ኩባያ ነው፤ ትክክለኛው ልኩ 236.6 ሚሊ ሊትር ነው። ስልካቸው የነገራቸው 250 ደግሞ እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች የሚሠራበት ኩባያ ነው። የጃፓኑ 200 ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ የተለያየ ነው፤ የእኛም ቤት ኩባያ ከጎረቤት ኩባያ ጋር እኩል እንደማይሆነው ማለት ነው። ይሁንና ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፤ 14 ሚሊ ሊትር 37 ጠርሙስ አያመጣም። ትልቁ ስህተት ሌላ ቦታ ነበር፤ ሚሊ ሊትርን ግራም ማድረጉ ላይ። አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም የሚሆነው ለውኃ ነው።

ቀጥሎ ስኳር። በቢላዋ ጀርባ አፉን አስተካክለን ስንመዝነው 200 ግራም ሆነ። እቴቴ 250 ብለው ነበር የያዙት።

ከዚያ ማንጎ። ይህን ዝም ብዬ ከመናገር ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል ብዬ ሁለት ማንጎ አስላጥኳቸው። የሽምብራ ፍሬ እጥፍ በሚያክል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርገው ቆረጡት። መስፈሪያው ውስጥ እየጣሉ ሞሉት፦ 158 ግራም። መስፈሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት፤ ማንጎው ትንሽ ዝቅ አለ። የጎደለውን ስንሞላው 171። ያው ማንጎ ነው፣ ያው መስፈሪያ ነው፤ የተጨመረው መታ መታ ማድረጉ ብቻ ነው። ያንኑ ማንጎ አውጥተው እንደ ቃሪያ ደቀቅ አድርገው ከተፉት፤ አሁን መስፈሪያውን ለመሙላት ከሌላው ማንጎ መጨመር ነበረባቸው፦ 190። በመጨረሻ በሹካ ዳምጠን ፈሳሽ ሲመስል ሰፈርነው፦ ወደ 240።

እቴቴ አራቱን ቁጥሮች ከጻፍኩበት ወረቀት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «ከሰል ነው በለኛ!» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ አልነበረኝም። ከሰል በማዳበሪያ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማዳበሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቤት ሲዘረገፍ ግን ከትልልቁ ጉማጅ መሃል የነበረው ባዶ ቦታ ነው። የደቀቀው ከሰል እየገባ ክፍተቱን ሲሞላው ያው ማዳበሪያ ይከብዳል። የማንጎ ሥጋ ራሱ ከውኃ ትንሽ ይከብዳል፤ የበሰለ ማንጎ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ 236 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ 165 ግራም ገደማ ከያዘ፣ ከሦስት እጅ አንዱን ሊጠጋ ምንም ያልቀረው አየር ነው ማለት ነው። እቴቴ አየሩን ሁሉ ማንጎ አድርገው ገዝተውታል።

165 ያልኩት ከአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ነው፤ ለአንድ ኩባያ የተቆራረጠ ማንጎ የሚሰጠው ግራም ይኸው ነው። ያ ሠንጠረዥ የቢላዋን ነገር ሳያስበው ደህና አድርጎ ያሳያል። እንጆሪ ሙሉውን 144 ግራም፣ ለሁለት ሲገመስ 152፣ ሲሰነጣጠቅ 166፣ ሲፈጭ 232። ሙዝ ሲከተፍ 150፣ ሲዳመጥ 225። ፖም ግን አፈንጋጭ ነው፤ ተቆርጦ 125 ብቻ ነው። ምክንያቱም አየሩ ከቁርጥራጩ መሃል ብቻ ሳይሆን ከሥጋውም ውስጥ ነው፤ ከፖም ይዘት አንድ አራተኛው ገደማ አየር ነው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «የፍራፍሬ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብሎ ለሁሉም አንድ መልስ መፈለግ «የአንድ ማዳበሪያ ዕቃ ስንት ኪሎ ነው?» እንደማለት ነው።

እኔ እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። 40 ኩባያ በ165 ሲባዛ 6.6 ኪሎ ነው፤ እቴቴ 10 አድርገውታል፤ ምክንያቱ ተገኘ። እሳቸው ናቸው ያላለቀ ነገር ያዩት። «እሷስ ምን ያህል አድርጋ ነው የምትቆርጠው?» አሉ።

ደወልን። እኛ ጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እሷ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ «ማንጎውን እንደ ሽምብራ ነው ወይስ እንደ ስኳር ድንጋይ የምትቆርጪው?» ሲሏት ሳቀች።

«እማዬ፣ እኔ መቼ ማንጎ እቆርጣለሁ! በረዶ የሆነውን፣ ተቆርጦ የታሸገውን ነው የምገዛው።»

ካሜራውን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረችና አሳየችን። ቁርጥራጩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ሲሰፈር አይተጣጠፍም፣ አይጨማደድም፤ ጥጉ ጥጉን ገፍቶ ይቆማል። መስፈሪያውም ጠባብ ስለሆነ ትልልቁ ቁርጥራጭ ከግድግዳው ጋር ሰፊ ክፍተት ይተዋል። የፖስታ ሚዛን አላት፤ አራት ኩባያ ሞልታ እንድትመዝንልን ጠየቅኳት። 560 ግራም። ኩባያው 140 ግራም ማለት ነው፤ እኔ ከሠንጠረዡ ያመጣሁት 165ም አልሆነም። በእሱ ሄደን ቢሆን ኖሮ ማርማላታው ይሻሻላል እንጂ የልጅቷን አይሆንም ነበር።

አሁን ሙሉው ነገር ወረቀት ላይ ሊሰፍር ቻለ። የልጅቷ አሠራር በ10 ሲበዛ 5.6 ኪሎ ማንጎ፣ 4 ኪሎ ስኳርና 590 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ነው። እቴቴ የሠሩት በ10 ኪሎ ማንጎ፣ በ5 ኪሎ ስኳርና በዚያው 590 ሚሊ ሊትር ነው። ሁሉም በአንድ ልክ ቢያድግ ኖሮ ማርማላታ መብዛቱ ብቻ ነበር የሚሆነው፤ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ማንጎው 1.8 ጊዜ ገደማ አደገ፣ ስኳሩ 1.25 ጊዜ፣ ሎሚው ደግሞ ባለበት ቆመ። ሎሚው ፈሳሽ ስለሆነና በመስፈሪያው ስለተሰፈረ ምንም አልተሳሳተም፤ ብቻውን ትክክል መሆኑ ነው ያሳሳተው። ለአንድ ኪሎ ማንጎ ልጅቷ ከ710 ግራም በላይ ስኳር ስታደርግ እቴቴ 500 አደረጉ፤ ልጅቷ 105 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ እቴቴ 59።

ማርማላታ የሚረጋው ፔክቲን፣ ስኳርና ኮምጣጣ ነገር ሲገናኙ ነው። ፔክቲን የሚባለው ማያያዣ ከፍራፍሬው ይመጣል፤ ሎሚው እንዲያያዝ ያግዘዋል፤ ስኳሩ ውኃውን ይይዝበታል። የማይሻግተውም ስኳሩ ለሻጋታው የሚሆን ውኃ ስለማይተውለት ነው። ለዚህ ከ100 ግራም ማርማላታ 65 ግራም ያህሉ የሟሟ ነገር፣ በአብዛኛው ስኳር፣ መሆን አለበት። ማንጎ ከ100 ግራም 83 ያህሉ ውኃ ነው። የእቴቴን 10 ኪሎ ማንጎና 5 ኪሎ ስኳር አስልቼ ለ37 ጠርሙስ ሳካፍለው 58 ላይ አረፈ። 65 እስኪደርስ ቢያማስሉት ኖሮ ውኃው ሲተን ጠርሙሱ ወደ 33 ይወርድ ነበር። ከ33 እስከ 37 ያለው «በረከት» ውኃ ነው።

ታዲያ እንደ እሳቸው ያለች ባለሙያ ሴት መወፈሩንና አለመወፈሩን እንዴት አላየችም? ይህን ራሴን ጠይቄአለሁ። እንጆሪ ሳይደርስ ቀጭን ነው፤ ዓይን አያታልልም። ማንጎ ግን ገና ስኳሩ እንደሟሟ ድስቱ ውስጥ ወፍሮ ይፈነዳል፤ ቃጫውና ሥጋው ነው የሚያወፍረው። በማማሰያው ጀርባ ላይ ይቆማል። የእቴቴ ዓይን በእንጆሪ የሠለጠነ ነው፤ ማንጎው ደርሻለሁ ሲላቸው አመኑት።

የሻገቱትን ጠርሙሶች ጣልናቸው። ላዩን ገፍፈን የቀረውን እንብላ ያለ ዘመድ ነበር፤ እንዲህ ባለ ለስላሳ ምግብ ውስጥ ሻጋታው ከሚታየው በታች ስለሚሰርግ አይሆንም። ያልተከፈቱትን መልሰን ድስት ውስጥ ገልብጠን የጎደለውን ስኳርና ሎሚ ጨመርን። ረጋ፣ ግን ሁለት ጊዜ የተማሰለ ስለሆነ ጠቆር አለ፣ ካራሜላም ካራሜላም ይላል። ለእንግዳ አይቀርብም ተብሎ ለዘመድ ተከፋፈለ። እኔ ቤት አሁንም አንድ አለ፤ ከአምባሻ ጋር አይጠላም።

ሁለተኛውን ዙር አብረን ነው የሠራነው። በዚህኛው ትልልቁን ማንጎ ገዙ፤ 9 ኪሎ ተገዝቶ ጸድቶ ሲመዘን ከ5.6 ኪሎ ትንሽ አለፈ፣ ያለፈውን የልጅ ልጆቻቸው በሉት። ከገበያ የሚመጣው ኪሎ እና ድስት የሚገባው ኪሎ ሁለት የተለያዩ ኪሎዎች ናቸው፤ ማንጎው ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ ተልጦና ተቆርጦ እስኪያልቅ ስኳሩን አልነካንም። የቁርጡ መጠን አሁን አላስጨነቀንም፤ ሚዛን ላይ ደቃቁም ትልልቁም 5.6 ኪሎ ያው 5.6 ኪሎ ነው። እቴቴ እንደ ልማዳቸው ደቀቅ አድርገው ከተፉት።

የማብሰያው ነገር ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የውጭ አገር መመሪያዎች ማርማላታ በ104 ወይም በ105 ዲግሪ ይደርሳል ይላሉ። ያ ባሕር ጠርዝ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርማላታ ከውኃው መፍያ ከአራት እስከ አምስት ዲግሪ ሲያልፍ ነው የሚደርሰው፤ እኛ ጋ 97 ላይ ማለት ነው። 104ን የጠበቀ ሰው ድስቱ ውስጥ ከረሜላ ያገኛል። መለኪያውን መጀመሪያ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ነክረን 92 ማለቱን አየን፤ ከዚያ ነው ወደ ድስቱ ያስገባነው። 90 ላይ እያለ እቴቴ «ደርሷል» አሉ፤ እኔም ዓይኔ ደርሷል አለኝ። 97 ላይ ስናወጣው የቀዘቀዘ ሰሃን ላይ ጠብ አድርገን በጣት ስንገፋው ቆዳው ተጨማደደ።

24 ጠርሙስ ሞልቶ በ25ኛው ላይ ጎደል አለ። የእንግዳ ማረፊያው ወሰደው፤ ቅሬታ አልመጣም።

እቴቴ የልጃቸውን መልእክት በእጃቸው ደብተር ላይ ገልብጠውታል፤ ኩባያ የሚለው ቃል የለበትም። «ማንጎ 560፣ ስኳር 400፣ የሎሚ ጭማቂ 60» ይላል፣ ከጎኑ «97»። መስፈሪያውን ለሎሚ ብቻ አስቀርተውታል። አሁን እንጆሪውንና ብርቱካኑንም እየመዘኑ መጻፍ ይዘዋል። እነዚያ በልማድ የሚሠሩ ስለሆኑ ምንም ችግር አልነበረባቸውም፤ ግን ልማዳቸው ስንት ግራም እንደሆነ ለማወቅ ጓጉተዋል።

በቅርቡ ያው እንግዳ ማረፊያ አናናስ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አንድ አናናስ ገዝተው አክሊሉን ቆርጠው፣ ልጣጩን አንስተው፣ የመሃሉን ግንድ አውጥተው መዘኑት፤ ግማሹ ያህል ወደ ቆሻሻ ሄደ። ይህን ጽፈው ማታ ለልጃቸው ደወሉ። «አናናስም እንደምትሠሪ ነግረሽኛል፤ ስንት ኩባያ እንዳትዪኝ፣ መዝነሽ ንገሪኝ» አሏት።

ትንሽ ዝም አለች። «እማዬ፣» አለች ቆይታ፣ «አናናሱን የምገዛው በቆርቆሮ ነው። ከነጭማቂው ነው ወይስ አጥልዬ ልመዝነው?»